አንድ ስንዝር ኬብል

በመሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ፣ ከፒንሳዎቹ ሥር፣ አንድ ስንዝር የምትሆን የኬብል ቁራጭ አለች። ላይዋ ጥቁር ላስቲክ ነው፤ ከሥሩ የብረት ሽቦዎች ዙሪያዋን ከብበዋታል፤ አንድ ጫፏ ላይ መጋዝ ከልኩ በላይ ነክሷታል። ሁለት ዓመት ሙሉ አዲስ ለሚቀጠር ሠራተኛ ሁሉ እያወጣሁ አሳይቻታለሁ። "ተመልከት፣ ግድየለሽ ሰው እንዲህ ያደርጋል" እል ነበር። ያ ግድየለሽ ሰው ልጄ ነው ብዬ ነበር የማምነው።

እኔ ኤሌክትሪክ ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም። ዱባይ አጠገብ ያለችው ሻርጃ የመጣሁት ሲሚንቶ ለመሸከም ነው። ኤሌክትሪሻኖቹ ቆርጠው የጣሉትን ኬብል በምሳ ሰዓት እየለቀምኩ፣ ግድግዳ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ እንደ ሽንኩርት እየላጥኩ፣ ውስጡ ምን እንዳለ በማየት ጀመርኩ። የእቃ ካርቶን ላይ የተጻፈውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ አነበብኩ። ሲሚንቶ ከመሸከም መብራት ወደ መዘርጋት የተሸጋገርኩት በአራት ዓመት ነው። ስለዚህ ለሰነፍ ትዕግሥት አልነበረኝም። እኔ ያለ አስተማሪ ከተማርኩ፣ አስተማሪ ያለው ምን ይሳነዋል? እል ነበር። አባባሉ ለጆሮ እውነት ይመስላል። ያለ አስተማሪ የተማረ ሰው ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ "ተሳሳትክ" ብሎት የሚያውቅ ስለሌለ ቃሉን መስማት አይችልበትም።

ልጄን ያመጣሁት ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው። እኔ በምሠራበት ትንሽ የጥገና ድርጅት ቪዛ ወጣለትና ከእናቱና ከእኔ ጋር አጅማን ተቀመጠ። የመጀመሪያ ያስተማርኩት ብረት ለበስ ኬብል መግፈፍ ነው፤ ምክንያቱም የሰው ጠባይ እዚያ ላይ ይታያል።

ሥራው እንዲህ ነው። ላዩን ላስቲክ በቢላ ዙሪያውን ቆርጠህ ትገፈዋለህ። ከሥሩ ተሰድረው የተጠመጠሙ የብረት ሽቦዎች ይወጣሉ። እነሱን በብረት መጋዝ ዙሪያቸውን ትነክሳቸዋለህ፤ ግን ግማሽ ድረስ ብቻ። ከዚያ መጋዙን ታስቀምጥና እያንዳንዱን ሽቦ በእጅህ ወዲያና ወዲህ ስታጥፈው ከተነከሰበት ላይ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ልጨርሰው ብሎ እስከ ታች የገዘገዘ ሰው፣ የመጋዙ ጥርስ ብረቱን አልፎ ውስጠኛውን ላስቲክ ይበላል፤ መብራት የሚሄድበትን ሽቦ ልባስ ይጭራል። ጭረቱ ያን ቀን አይታይም። የኬብሉ ጫፍ በነሐስ ማሰሪያው ውስጥ ገብቶ፣ የብረት ሽቦዎቹ ተዘርግተው ጥብቅ ተደርገው ሲታሰሩ ሁሉም ያማረ ይመስላል። እርጥበት ሲመጣ ግን ኤሌክትሪኩ በዚያች ጭረት ያፈሳል። ያኔ ሰው ሊሞት ይችላል።

"ግማሹን መጋዝ፣ ግማሹን እጅ" ነበር የምለው። ልጄ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ እንደ መስታወት እያየኝ ተማረ፤ እኔ ግራኝ ነኝ፣ እሱ በቀኙ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ እጆቻችን ይገጣጠሙ ነበር። በልጅነቴ በግራ እንዳልጎርስ ተገርፌ በቀኝ መብላት ለምጃለሁ፤ ለሥራ ግን ግራዬ እንደበረታ ቀረ።

የልጄ እጅ ከእኔ እጅ ይሻል ነበር። ሽቦ ሲሰብር ድምፁ እኩል ነው፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ይህን አንድ ቀን እንኳ አልነገርኩትም። ካመሰገኑት ይበላሻል ብዬ ነው። አንድ ጊዜ ሲሠራ ቆይቶ ቀና አለና፣

"አባዬ፣ ለዚህ ኬብል የምትሳሳለትን ያህል ለእኔ ብትሳሳልኝ ምናለ?" አለኝ።

"ኬብሉ አይመልስልኝም። ያላ፣ ሥራ!" አልኩት። እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም።

ከዚያ ዱባይ፣ ሚርዲፍ አንድ ቪላ ውስጥ ሥራ አገኘን። በጓሮው ካለው የኤሌክትሪክ ሳጥን ስድስት ኬብሎች ይወጣሉ፤ ለውሃ ፓምፑ፣ ለበሩ፣ ለሾፌሩ ክፍል፣ ለአትክልቱ መብራትና ለሌላም። ከአንድ ጎን ሦስቱን እኔ፣ ከሌላው ጎን ሦስቱን እሱ አሰርን። ሁለት ወር አልፎ፣ ላብ ከግንብ በሚወርድበት በነሐሴ፣ ፓምፑ እምቢ አለ። ብሬከሩን ቢያነሱት ይወድቃል። ከድርጅታችን መሐንዲስ ጋር ሄድን።

በሩን የከፈተችልን የአገራችን ልጅ ናት፣ የቤቱ ሠራተኛ። በአነጋገሯ ጎጃሜ መሰለችኝ። ውሃ ከጠፋ ሦስት ቀን ሆኖ በባልዲ ከጎረቤት ትቀዳለች። "ማዳም እኮ በእኔ ነው ያደረገችው፣ ጋሼ" አለችኝ። "ሳጥኑን በውሃ አጥበሽው ነው ትለኛለች። ዋላሂ አልነካሁትም ብላት አታምነኝም።"

ሳጥኑን ከፍቼ የፓምፑን ኬብል ከማሰሪያው አወጣሁት። የመጋዝ ጥርስ እስከ ውስጥ ገብቷል። ልባሱ ተጭሮ፣ ጭረቱ ዙሪያ ጠቁሯል። ደሜ ፈላ። እውነቱን ለመናገር፣ ማን የትኛውን እንዳሰረ አላስታወስኩም። እኔ ልሳሳት እችላለሁ የሚል ሐሳብ ስላልነበረኝ ማስታወስም አላስፈለገኝ።

"ይሄን ተመልከት" አልኩት ልጄን።

ጎንበስ ብሎ አየው። ኬብሉን በጣቶቹ አዙሮ ደግሞ አየው። ቀና ሲል ዓይኑ ዓይኔ ላይ ነበር። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ቀጥሎ መሐንዲሱን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ መልሶ ዘጋው።

"ግማሽ ድረስ አላልኩህም?"

"ብለኸኛል።"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

"እኔ እንጃ፣ አባዬ።"

"ሥራ ላይ አባዬ የለም! ይቺ ልጅ በአንተ ኃጢአት ስትሰደብ ከርማለች። መሣሪያህን አውርድና መኪናው ውስጥ ቁጭ በል። ሹግል፣ ሥራ እንዲህ አይሠራም።"

ለመሐንዲሱም እንዲገባው በእንግሊዝኛ ደገምኩለት። ልጄ የመሣሪያ ቦርሳውን ከትከሻው አውርዶ እግሬ ሥር በቀስታ አስቀመጠ። ልጅቷ ውሃ በብርጭቆ ይዛ ቆማ ነበር።

"ልጅዎ ነው እንዴ ጋሼ? ይተዉት፣ ሙቀቱ ነው" አለችኝ።

"ልጄ አይደለም፣ ሠራተኛዬ ነው" አልኳት።

በአማርኛ ነው ያልኩት። መሐንዲሱ አልገባውም። የሰማነው ሦስታችን ነን። አባት ለልጁ ያዳላል እንዳይባል ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ፍርድ የሰጠሁ መሰለኝ። የተበላሸውን ጫፍ ቆርጬ እንደገና አሰርኩ፤ ፓምፑ ተነሣ፤ ቁራጯን ለመማሪያ ብዬ ሳጥኔ ውስጥ ከተትኩ።

ልጄ በወሩ ሥራውን ለቀቀ። ዱባይ ካራማ ውስጥ ቢድ ስፔስ የሚሉትን፣ በጋራ ክፍል አንድ አልጋ፣ ተከራይቶ፣ አል ቁዝ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ላይ ወረቀት የሚለጥፍበት ሥራ ገባ። ዓርብ ዓርብ ለእናቱ ይደውላል። እኔ ወደ ክፍሉ ስገባ ጨዋታው ያጥራል። "ሰላም ብሎሃል" ትለኛለች፤ ብሎኝ ይሁን ራሷ ጨምራ አላውቅም። አንድ ቀን ልብስ እያጣጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ "ልጄን በአንድ ስንዝር ሽቦ ለወጥከው" አለችኝ። "እኔ አላባረርኩትም፣ ጥፋቱ ነው ያባረረው" ብዬ መለስኩላት። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚባለው እንደኔ ላለው ነው።

ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። ባለፈው ክረምት አንድ ፓኪስታናዊ ተቀጠረ፣ ዕድሜው ከእኔ የማያንስ፣ ሥራ የሚያውቅ ሰው። አጅማን ዎርክሾፓችን ውስጥ ምሳ በልተን ስንጨርስ እንደ ልማዴ ቁራጯን አውጥቼ ሰጠሁትና ስብከቴን ጀመርኩ። እሱ እየሰማኝ ኬብሏን በጣቱ አዟዟራት፤ ከዚያ ሳቅ አለ።

"ኡስታዝ፣ ይሄን የቆረጠው ግራኝ ነው" አለኝ። "እንዳንተ።"

"ምን አልክ?"

"ደረጃዋን እያት።"

ኬብል ዙሪያውን ስትቆርጥ መነሻህና መድረሻህ ልክ አይገጥምም፤ የጥፍር ውፍረት የምታህል ደረጃ ትቀራለች። በቀኝ የሚሠራ ሰው ደረጃ ወደ አንድ በኩል ይወርዳል፣ የግራኝ ወደ ሌላው። ይህን የማያውቅ ኤሌክትሪሻን የለም። እኔም አውቃለሁ።

እሱ ቀልዶ ረሳው። እኔ ሰዎቹ ሲወጡ አዲስ ኬብል አምጥቼ በግራዬ ቆረጥኩና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አንድ ናቸው። ከዚያ ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። የሚርዲፉን ሥራ በጀመርንበት ጠዋት አዲስ የመጋዝ ምላጭ ገዝቼ ነበር። አዲሱን በራሴ መጋዝ አስገብቼ፣ አሮጌውን ለልጄ ሰጠሁት። "በአሮጌ የሠራ ሰው ነው እጁ የሚታረመው" ብዬው ነበር። ያ የዶለዶመ ምላጭ በምንም ተአምር ያን ያህል ጠልቆ ሊገባ አይችልም። አዲሱ ግን ሳይታሰብ ይነክሳል፤ የእኔም እጅ አሮጌውን በሚገፋበት ኃይል ነበር የገፋው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አንዴ ከጀመርኩት። ያን ቀን ኬብሉን ከሳጥኑ ሳወጣ አውራ ጣቴ በዚያች ደረጃ ላይ አልፏል። ስንት ዘመን የሠራ ጣት ነው። አላወቀም ብዬ አልምልም።

ዓርብ ቀን ካራማ ሄድኩ። ልጄ ከሚኖርበት ፎቅ ሥር ባለች ትንሽ ሻይ ቤት ተቀጣጠርን። ከስቷል፤ ጢም አሳድጓል። ተነሥቶ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ያዝኩት። ሻይ መጣ። ቁራጯን ከኪሴ አውጥቼ በመሃላችን አስቀመጥኳት።

"ይቺ የእኔ ሥራ ናት" አልኩት።

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ያኔውኑ። ደረጃዋን አይቼ።"

"ታዲያ አፍ የለህም? ለምን አልተናገርክም?"

"ሰው ነበራ፣ አባዬ" አለኝ። "መሐንዲሱ ቆሞ፣ ያቺ ልጅ ቆማ፣ ያበላሸኸው አንተ ነህ ልበልህ? ማታ ቤት እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን..." ሻዩን አማሰለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ እኔም እሱም እናውቃለን። "ይቅር በለኝ" አልኩት። ቃሉን ለልጄ ቀርቶ ለማንም ብዬው አላውቅም፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ቀጥዬ፣ ዝም ማለት ስላቃተኝ፣ "ቦርሳህ እንዳለ ነው። ለመጋዝህ አዲስ ምላጭ አስገብቼለታለሁ። ተመለስ" አልኩት።

ትንሽ ሳቀ። "አዲሱን ያኔ ነበር መስጠት" አለኝ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። "ኸላስ፣ በቃ፣ አባዬ። መጋዝ ስይዝ እጄ እሺ አይለኝም። ሞክሬው ነበር።"

ያቺ እኩል የሆነች ቀጭ፣ ቀጭ ትዝ አለችኝ።

"ኬብሉን ይቅር ብዬሃለሁ" አለኝ። "ኬብል ማንም ያበላሻል። ያቺን ልጅ ያልካት ነው ያልወጣልኝ። እሷ እስከ ዛሬ ልጅህ እንዳልሆንኩ ነው የምታውቀው።"

"እነግራታለሁ" አልኩት።

"እሺ" አለ፤ አላምንህም ማለቱ ሳይሆን፣ ሕፃን ቃል ሲገባ ሰው እሺ እንደሚለው።

በማግስቱ ሚርዲፍ ሄድኩ። የመሣሪያ ሳጥኔን ለምን እንደያዝኩ አላውቅም፤ ያለሱ ሰው በር አንኳኩቼ ስለማላውቅ ይሆናል። የከፈተችው ሌላ ሴት ናት፣ የአገሬ ሰው አይደለችም። በተሰባበረ ዐረብኛ ተግባባን። የኢትዮጵያዋ ልጅ ኮንትራቷን ጨርሳ አገሯ ከገባች ዓመት እንዳለፋት ነገረችኝ። አገሯ ውስጥ የት እንደሆነች አታውቅም። እኔም ያን ቀን ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም ነበር።

ሴትየዋ ሳጥኔን አየች። "ኤሌክትሪክ ሙሽኪላ አለ?" አለችኝ፤ ችግር አለ ወይ ማለቷ ነው።

"የለም" አልኳት። ግን ከመጣሁ ብዬ የጓሮውን ሳጥን እንድታሳየኝ ለመንኳት። ከፈትኩት። ስድስቱም በሰልፍ ቆመዋል። የፓምፑ የእኔ ከሆነ በእሱ በኩል ያሉት ሦስቱ የእኔ ናቸው፤ በወዲያኛው በኩል ያሉትን፣ ልጄ ያሰራቸውን ሦስቱን አንድ በአንድ በእጄ ያዝኳቸው። አንዱም አይነቃነቅም። የነሐስ ማሰሪያዎቹ የብርቱ ሰው እጅ ዛሬ ያጠበቃቸው ይመስላሉ። ሳጥኑን ዘጋሁና ወደ በሩ ሄድኩ።

"ለማዳም ማን መጣ ልበል?" አለችኝ ሴትየዋ።

"ይሄን ኤሌክትሪክ የሠራው ልጅ አባት ነው በያት" አልኳት።

አልገባትም። ራሷን ነቅንቃ በሩን ዘጋችው።