ከበሩ በላይ ያለው ምንጣፍ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ቦሌ

የጋዜጣው አዘጋጅ የጠየቀኝ «በሕይወት ዘመን ሊጎበኙ የሚገባቸው ሃያ የዓለም ቦታዎች» የሚል ዝርዝር ነበር። እንዲህ ያለ ዝርዝር እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ ብዙ ሠርቻለሁ። አንድ ግንብ፣ አንድ ፏፏቴ፣ አንድ በረሃ፣ ማንም የማይደርስበት አንድ ደሴት። ጸሐፊው ከሃያዎቹ አራቱን አይቷል፤ የቀሩትን ሌላ ሰው ዝርዝር ላይ አንብቧል። አንባቢውም አንዱን እንኳ ስለማያይ ማንም ማንንም አይከስም።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት በሠራሁት ዝርዝር ውስጥ ግን በእግሬ የሄድኩበት አንድ ቤት ነበር፤ ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ያለ የቆየ የሐረሪ ቤት። እናትና ልጅ ሻይ አጠጥተው፣ ግድግዳውን የሞላውን ስፌትና ሳህን አሳይተው ሸኙኝ። ቀደም ብሎ አንድ ሰው በሐረሪ ቤት ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ከታየ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው ብሎኝ ነበር። እኔም የሴቶቹን ውለታ እንዲህ ስል መለስኩ፦ «ከበሩ በላይ ያለው ምንጣፍ የቤቱ ልጅ ባል እየጠበቀች መሆኗን ያበስራል፤ ከአቧራው ውፍረት እንደተረዳሁት ግን ባልየው መንገድ ጠፍቶበታል።»

በጊዜው ኮርቼበት ነበር። ባለፈው ክረምት ከሐረር የተመለሰ ወዳጄ አንድ አስጎብኚ የነገረውን ቀልድ እየሳቀ ሲያወራልኝ፣ ቀልዱ የእኔ ነበር፤ ቃል በቃል። ልጅቷ ረውዳ ትባላለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በራፏ ላይ ሲሳቅባት ኖሯል ማለት ነው።

ለአዘጋጁ ሃያውን ትቼ ስለ አንዱ ልጽፍ፣ ይቅርታም ልጠይቅ እንደምሄድ ነገርኩት።

«አንድ ቦታ ማን ያነባል?» አለኝ።

ትኬት ቆረጥኩ።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር

ድሬዳዋ በጠዋቱ ሞቃለች። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ዳገት ሲጨርስ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ማሽላ፣ ጫት፣ ድንች በጆንያ። ከሾፌሩ ጎን ነው የተቀመጥኩት።

«ጋሼ፣ ጅብ ሊያዩ ነው?» አለኝ፤ ወደ ሐረር የሚሄድ እንግዳ ሌላ ጉዳይ ሊኖረው አይችልም።

«የለም፣ ሰው ጋ ነው። ያስቀየምኳት ሴት አለች።»

«አቦ! እንግዲያው ጅቡ ይሻልዎት ነበር። እሱ የሚያጎርሰውን አይነክስም።»

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ቀልድ ሲያምር ራሴን መግታት እንደማልችል ከታወቀ ቆይቷል።

ዓለማያ ላይ ሐይቁ በቀኝ በኩል ብቅ አለ። ድሮ ደርቆ ከብት ሲግጥበት አይቼ «የሞተው ሐይቅ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ አሟሟቱን ሁሉ በሚያሳዝን ቋንቋ። አሁን ውኃ ተኝቶበታል፤ ወፎች አሉ። ሐይቁ እኔን ሳያማክር ተመልሶ ጽሑፌን አርሞታል። ሌላውም ስህተቴ እንዲሁ በራሱ ቢታረም ብዬ ተመኘሁ። ሐይቅ ግን ጋዜጣ አያነብም፤ ሰው ያነባል።

5 ሰዓት፣ ፈረስ መጋላ

አደባባዩ በባጃጅ ጡሩምባ ደንቁሯል። ሻንጣዬን አልጋ የያዝኩበት ቤት ጥዬ፣ ፈጢራ ከእንቁላል ጋር በላሁ፤ ጥሩ ነው፣ ዘይቱ እስከ ክርን ይወርዳል። ከዚያ ወደ ገበያው፣ ወደ ጊድር መጋላ፣ በሚወርደው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ገባሁ። መኪና ግርግር ይሉታል፤ ስሙን ያወጣለት የስፌት መኪናው ድምፅ ነው። ሰፊዎቹ ደጅ ላይ ተደርድረው ይረግጣሉ፤ ጨርቅ የገዛች ሴት ቀሚሷ እስኪሰፋ እዚያው ቆማ ሰፊውን ትቆጣለች።

ቤቱን ለማግኘት ሦስት ጊዜ ጠፋሁ። በመጨረሻ መንገዱን ያሳየኝ የራሴ ዓረፍተ ነገር ነው። ጠባቡ ቅያስ ውስጥ ስድስት ጎብኚዎች ቆመዋል፤ አስጎብኚው ጀርባውን ለተዘጋ በር ሰጥቶ ይናገራል፦

«…እዚህ አሁን አያስገቡም። ግን ከውስጥ፣ ከበሩ በላይ ምንጣፍ አለ። ከአቧራው ውፍረት እንደምንረዳው፣ ባልየው መንገድ ጠፍቶበታል!»

ሳቁ። አንዲቱ ሴት የተዘጋውን በር ፎቶ አነሳች።

ሰዎቹ ፈቀቅ ሲሉ አስጎብኚውን ለብቻው ያዝኩት። ቶፊቅ ይባላል፤ የአርባ ዓመት ሰው ይሆናል። ቀልዱን የጻፍኩት እኔ መሆኔን ነገርኩት። የሚደነግጥ መስሎኝ ነበር።

«በአላህ! እርስዎ ነዎት? ጋሼ፣ በዚህች ቀልድ ስንት ሰው አሳቅኩ መሰለዎት! ይምጡ ፎቶ እንነሳ!»

«ተዋት፤ ሁለተኛ አትናገራት። የሰው ቤት ነው።»

«እንዴ! የጻፏት እርስዎ፣ የሚቆጡት እኔን?»

እውነቱን ነው። ፎቶውን ተነሳሁ።

8 ሰዓት፣ የረውዳ ቤት

የቀትሩ ሰላት፣ ዙሁር፣ እስኪያበቃ ጠብቄ አንኳኳሁ። የከፈተችው ራሷ ናት። ሻሿን አስተካክላ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አንተ ጫማህን ሳታወልቅ የገባኸው ሰውዬ አይደለህም?»

ይህን አልጻፍኩትም ነበር። አሁን ጎንበስ ብዬ ሁለቱንም ፈታሁ።

ቤቱ እንደነበረ ነው፤ በቀይ አፈር የተለቀለቁት ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች፣ ግድግዳው ላይ ስፌቶቹ፣ ከመደቦቹ በታች ባዶ የሲሚንቶ ወለል። በመደቦቹ ላይ ሰው እንደየማዕረጉ ነው የሚቀመጠው። ያን ጊዜ ሳልጠይቅ የአባወራው ቦታ ላይ ወጥቼ ነበር፤ ዛሬ ከበሩ አጠገብ ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ቀና ስል ምንጣፉ ከበሩ በላይ እዚያው አለ፤ አቧራው ጨምሯል።

ረውዳ ሆጃ ቀዳችልኝ፤ የቡና ቅጠል በወተት የፈላ። እናቷን ጠየቅኩ።

«ሞታለች። ሁለት ዓመት ሆናት።»

ነፍስ ይማር አልኩና ይቅርታዬን ጀመርኩ። አውሮፕላን ውስጥ ያዘጋጀሁት ሦስት አንቀጽ ነበር። ሁለተኛው ላይ እጇን አነሳች።

«እኔ ሰባተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ዓረፍተ ነገርህን ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ አንብበውልኛል። የሰዋስው ስህተት እንኳ የለበትም፤ ቢኖርበት አርምልህ ነበር።»

ሆጃዬን ፉት አልኩ።

«ስለ ምንጣፉ የሰማኸው የድሮ ሰዎች ወግ ነው፤ እንዲህ ነበር ይባላል። የእኛን ግን እናቴ እዚያ ያወጣችው መሬት ሲቀመጥ ምስጥ ስለበላው ነው። ለዒድ፣ ለመውሊድ እናወርደዋለን፣ ተራግፎ ይነጠፋል፣ ሲያልቅ ይመለሳል። ሻሂውን እየጠጣህ 'ይሄ ለምንድን ነው?' ብትለን ኖሮ እንነግርህ ነበር።»

አልጠየቅኩም፤ የማውቅ መስሎኝ ነበርና።

«ከጻፍኩት በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላማ እንዴት ይውረድ? ብናወርደው ጎረቤቱ 'ረውዳ ባል አገኘች' ሊል ነው። መልሰን ብናወጣው 'ያም ቀረባት' ሊል ነው። እኔ ደግሞ ባል አልፈለግኩም፤ ጠያቂ መች አጣሁ? ተወው አልኩ፣ እዚያው ይቆይ። ዘጠኝ ዓመት ሲሚንቶ ላይ ተቀመጥን።»

ስኒዬን ደግማ ሞላችልኝ።

«በመጨረሻው ዒድ እናቴ መነሳት አቅቷት ነበር። 'ረውዳዬ፣ ምንጣፌን አውርጂልኝ፣ እሱ ላይ ልተኛ' አለችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ለዒድ ሊገባ ነው። እኔ ደግሞ አፈርኩ። 'ኢንሻአላህ ነገ' አልኳት። ነገ፣ ነገ እያልኩ ሞተች።»

ከደጅ የሚያልፉ ሰዎች ድምፅ ይሰማል። ቁመቴ ስለሚደርስ ብድግ ብዬ «ላውርደው?» አልኩ። ከአፌ ሳይወጣ ነው የቆጨኝ።

«አንተ አትነካውም።»

ተቀመጥኩ። «ታዲያ ምን ላድርግ?» አልኳት።

«ይቅርታህን ለእኔ አታምጣው፤ በእኔ ብቻ አይደለም፣ በቤቱ ሁሉ ነው ያሳቅከው። ባለፈው የጻፍክበት ላይ ጻፈው። ደግሞ አጭር አድርገው፤ ያኛው ረጅም ነበር። ቶፊቅም መሸምደድ አያቅተው።»

በሩ ድረስ ሸኘችኝ። ጫማዬን ሳስር ራሴ ላይ ምንጣፉ ነበር፤ ቀና አላልኩም።

እሁድ፣ 2 ሰዓት፣ ፈረስ መጋላ

ወደ ድሬዳዋ የሚመለሰው ሚኒባስ እስኪሞላ ቶፊቅ ሊሰናበተኝ መጣ። ረውዳ ያለችውን ነገርኩት፤ ስለ ምስጡም፣ ስለ ዒዱም፣ ስለ እናቷም። ጥርሱን መፋቅ ትቶ ሰማኝ።

«እሳቸውን አውቃቸው ነበር። ለቅሷቸው ላይ ነበርኩ፤ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠን» አለ። መፋቂያውን ኪሱ ከተተና፣ «ግን ጋሼ፣ ይሄኛው አያስቅም።»

«አያስቅም።»

«ሰዎቹ መሳቅ ነው የሚፈልጉት።»

«አውቃለሁ።»

ቃል አልገባልኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ሚኒባሱ ሲነሳ በመስኮት እጁን አውለበለበልኝ። ዓለማያ ላይ ሐይቁ አሁን በግራዬ ነበር፤ የጉዞ ደብተሬን አውጥቼ ለአዘጋጁ የምልከውን ጻፍኩ። ሃያ ቦታ ለጠበቀ አንባቢ ይቅርታ፤ ያለኝ ይህ ብቻ ነው።

ጀጎል ውስጥ ባለ አንድ ቤት ከበሩ በላይ ምንጣፍ አለ። የተሰቀለው ምስጥ እንዳይበላው ነው። በዒድ ይነጠፍ ነበር።