ቃሬዛ ይዘው የሚሮጡት

ገንዘብ ያለው ክለብ ሲሸነፍ መካሪው ብዙ ነው። ሐይቅ ከተማ፣ ሰዓድ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ፣ አንዱ አጥቂ ይግዙ ይላል፤ ሌላው አሰልጣኙን ያባርሩ ይላል። በሩ ሥር የሚቀመጡት ሽማግሌ ብቻ ዝም ይላሉ። ከአምባሰል ገጠር እንደሚመጡ እንጂ ስማቸውን ሰዓድም አያውቅም። ከጋቢያቸው ሥር የሚለብሱት ማልያ ቁጥሩ በእጅ የተቀባ፣ ለደረታቸው የጠበበ የወጣት ማልያ ነው።

ተጫዋች ሲወድቅ ግን ብድግ ይላሉ። በሳቸው አገር ሕመምተኛ በቃሬዛ ሲያልፍ አይቶ ትከሻውን የማይሰጥ የለም፤ እሳቸውም ትከሻቸውን አመቻችተው ይቆማሉ። ከኋላ «አባቴ፣ ከለሉን እኮ!» ቢባሉም አይሰሙም።

ትናንት አጥቂው ወድቆ እንዲሁ እንደቆሙ፣ ሰዓድ ለጨዋታ ያህል ጠየቃቸው።

«አንቱ ቢሆኑ በዚያ ሁሉ ገንዘብ ማንን ይገዙ ነበር?»

«እኔማ ለነዚያ ነበር የምሰጠው» አሉ፣ ቃሬዛ ይዘው ወደ ሜዳ የሚሮጡትን እያሳዩ።

ቤቱ በሳቅ አውካካ።

«እነሱ ጎል አያገቡም!» አለ ሰዓድ።

«ሲሮጡ አታይም፣ ልጄ?»

አጥቂው ተነሣ። ሁሉም አጨበጨበ። ሽማግሌው ማልያውን በጋቢያቸው ሸፍነው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ «ለዚህስ ደረሱለት።»