እትዬ ይርገዱ አንኳኩተው የመረጡት ጠመንጃ

ባለፈው ቅዳሜ ቢቸና ገበያ ገንቦ ልገዛ ሄጄ፣ አንዱን አንስቼ በጣቴ አንኳኳሁት። ጥን አለ። ልጄ “እማዬ፣ ቤቶች እያልሽ ነው?” ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን እትዬ ይርገዱ ትዝ አሉኝ።

እትዬ ይርገዱ ከሞጣ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን የአጥር ጎረቤታችን ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከጫካው ጥግ ያለችውን የበቆሎ ማሳ ብቻቸውን ይዘው ቀሩ። ሁለት ዓመት በተከታታይ ከርከሮ እሸቱን ፈጀባቸው። በሦስተኛው ክረምት የባላቸው ወንድም አቶ ካሳ አጥሩን ተደግፈው፣

“ይርገዱ፣ ከርከሮ ከሚበላው እኔ ልብላው። ዘንድሮም ካመለጠሽ መሬቱን ልቀቂልኝ” አሏቸው።

“እሺ” አሉ እትዬ ይርገዱ። በገበያው ቀን ያኔ ልጅ የነበርኩትን እኔን አስከትለው ጠመንጃ ሊገዙ ሞጣ ሄዱ።

የደህና ጠመንጃ ዋጋ አይቀመስም ነበር። የእሳቸው አቅም የሚችለው ባሩዱንም አረሩንም በአፈሙዙ የሚጎርሰውን፣ አንዴ ተኩሶ ዝም የሚለውን የቀጥቃጭ ሥራ ነው። ሰው “ቆመህ ጠብቀኝ” ይለዋል፤ እንደገና እስኪጎርስ አውሬው ቆሞ ካልጠበቀ ዋጋ የለውምና።

የቀጥቃጩ ደጅ ከሰልና የጋለ ብረት ይሸታል። ሦስት ጠመንጃ አወጣላቸው። አንዱ በናስ ሽቦ የተጠመጠመ፣ ዓይን የሚስብ ነው። ሁለተኛው ከእሳቸው ቁመት ይበልጣል። ሦስተኛው አጭር፣ ሰደፉ በጠፍር የታሰረ፣ መልከ ጥፉ። ቀጥቃጩ ባለናሱን አቀበላቸው። እሳቸውም አንጠልጥለው በቀለበታቸው መታ አደረጉት። ድፍን ድምፅ ሰጠ። መልከ ጥፉውን መቱት፤ ጥን አለ።

“እመቤቴ፣ ጠመንጃ ነው እኮ፤ ገንቦ አይደለም!” አለ ቀጥቃጩ። ደጁን የሞሉት ወንዶች ሳቁ።

“ገንቦ ቢሰነጠቅ የሚፈሰው ውኃ ነው፤ ይኼ ቢሰነጠቅ የእኔ ደም ነው። ውኃ ስጠኝ።”

ለማርያም ከገዙት ጧፍ ሰም ቆንጥረው የባለናሱን የእሳት ቀዳዳ ደፈኑና በአፈሙዙ ውኃ ሞሉበት። ጥቂት ቆይቶ ከናሱ ሥር ከተደበቀው ስንጥቅ ውኃ እንደ እንባ ወረደ። ሳቁ ቆመ። ቀጥቃጩ አማተበ። “በዚህ ሰው ሊሞትብኝ ነበር” አለና፣ መልከ ጥፉውን ራሱ ወልውሎ፣ ባሩድ አሰፋፈሩን በቀንድ ክዳን አሳይቶ ሰጣቸው።

መስከረም ላይ በቆሎው እሸት ያዘ። አንድ ማለዳ የቅጠል መንኮሻኮሽ ሰምተን ከእናቴ ጋር ወደ አጥሩ ሮጥን። ከርከሮው አገዳውን እየሰበረ ይገባል። እትዬ ይርገዱ ጠመንጃውን በአጥሩ ባላ እንጨት ላይ አጋድመው ተንበርክከዋል። “በስመ አብ” ሲሉ ሰማኋቸው። ከዚያ ባለ በሌለ ድምፃቸው፣

“ቆመህ ጠብቀኝ!” ብለው ጮኹ።

ከርከሮው አንገቱን ቀና አድርጎ ቆመ። ጠመንጃው ጓ! አለ። ጭሱ ሲገለጥ አውሬው ወድቋል፤ እሳቸው ግን እጃቸውም ፊታቸውም ደህና ነው። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው፤ መንደሩ ተቀበላት።

አቶ ካሳ ነጠላቸውን እየጎተቱ ደረሱ። እትዬ ይርገዱ ዞር ብለው ሳያዩ ባሩድ እያጎረሱ፣ “ካሳዬ፣ አንተም ቆመህ ጠብቀኝ፤ እሸት ልጠብስልህ ነው” አሏቸው።

“እጠብቃለሁ እንጂ! ጠመንጃ ይዘሽ ማን ይሄዳል?” አሉ አቶ ካሳ። ሳቁ። እሸቱንም በሉ። ስለ መሬቱ ከዚያ ወዲያ ያነሳ የለም። የመጀመሪያው እሸት ግን ለማርያም ሄዶ ነበር።

እትዬ ይርገዱ ካረፉ ቆዩ። ነፍሳቸውን ይማር። ዓይናቸው ሲደክም ሰደፉን አስወልቀው ብረቱን ለቤተ ክርስቲያን ሰጡ። ስንጥቅ የለበትምና ደወል ሆኖ ከግቢው ወይራ ላይ ተሰቀለ። ዛሬም ዲያቆኑ ሲመታው ጥን ይላል፤ ማዶ ያለው መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያማትባል።