ጃፓናዊቷ ዘፋኝና የእማዬ የጸሎት ርዕስ

ልጅ እያለሁ ቤታችን ውስጥ እንደ ልቡ መጮህ የሚፈቀድለት የልብስ ማድረቂያው ማሽን ብቻ ነበር። አባዬ ኮንየርስ ከተማ ያለ ዌርሃውስ፣ ትልቅ የዕቃ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ሺፍት ስለሚሠራ ቀን ቀን ይተኛል። እኔና እማዬ በካልሲ እንሄዳለን፣ ማይክሮዌቩ ሊጮህ አንድ ሰከንድ ሲቀረው በሩን እንከፍታለን፣ ሳቅ ሲመጣብን አፋችንን በእጃችን እናፍናለን። ታዲያ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሁለት ሦስት ፎጣ ማሽኑ ውስጥ ጥዬ አስነሣውና ልብስ በምናጥብባት ላውንድሪ ክፍል ወለል ላይ ቁጭ እላለሁ። ማሽኑ ጀርባዬን ያሞቀኛል፤ ልብስ ላይ የሚጣለው የዚያ ሽቶ የተነከረ ወረቀት ሽታ አፍንጫዬን ይሞላዋል። በአንድ ጆሮዬ በማዳመጫ ጃፓናዊቷን ዘፋኝ እሰማለሁ፣ በሌላው እማዬ እንዳትመጣብኝ የጋራዡን በር እጠብቃለሁ። እማዬ የኔ ልጅ ንጽሕና ትወዳለች፣ ፎጣ ሳታጥብ አትውልም እያለች ለሰው ታወራ ነበር።

የኛ ሰፈር አሜሪካ፣ አትላንታ አጠገብ ያለችው ሎረንስቪል ነው። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ እንግዳ ሲመጣ እማዬ በር ላይ ወጥታ እጇን ታወዛውዛለች። መኪና ከሌለህ የትም የለህም። ከቤታችን ተነሥቶ በእግሩ ሱቅ የደረሰ ሰው በዚያ ሁሉ ዓመት አላየሁም። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ የምሄድበት ቦታ ሁለት ነበር፤ ትምህርት ቤትና ቸርች። ረቡዕ ጸሎት፣ ዓርብ የወጣቶች ፕሮግራም፣ ቅዳሜ የኳየር ልምምድ፣ እሑድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ። ሁሉም በእማዬ መኪና፣ በእማዬ ሰዓት። አማርኛዬንም ያሳደገው ጸሎት ነው። እስከ ዛሬ አንድ ሰው ሲያናድደኝ ስድብ ፈልጌ የማገኘው ምልጃ ነው።

ጃፓናዊቷን ያገኘኋት በአንድ የካርቱን ፊልም መግቢያ ዘፈን ነው። የኔ ዘመን ልጆች ይገባችኋል፤ ከአንድ ዘፈን ወደ ሌላ ቪዲዮ፣ ከቪዲዮው ወደ ሌላ፣ እንዲህ እንዲህ እያሉ መጥፋት ነው። ስሟን አልጠራም፤ በልቤ እስከ ዛሬ “ጃፓናዊቷ” ነው የምላት። እማዬ ግን “ቻይናዋ” ትላት ነበር። ስንቴ እንዳረምኳት፣ ስንቴ እንደረሳችው ጌታ ይወቀው።

ታሪኳን ሳውቅ ነው ጭልጥ ብዬ የጠፋሁት። በልጅነቷ ነው አንድ ኩባንያ ያስፈረማት፤ ውሉ ላይ ፍቅረኛ መያዝ ክልክል ነው ይላል። አንድ ቀን መንገድ ላይ የአንድ ሰው እጅ ይዛ ፎቶ ተነሣች። ከዚያም ሕዝብ ፊት አቁመው ይቅርታ አስጠየቋት፣ በኋላም አባረሯት። ብቻዋን መዝፈን ስትጀምር አዳራሹ ባዶ ሆነ። ጥለዋት ያልሄዱት፣ እሷ ራሷ እንደምትለው፣ ወንድ የሚወዱ ወንዶችና ሴት የሚወዱ ሴቶች ነበሩ። እሷም አልረሳቻቸውም። በየሳምንቱ በኢንተርኔት በምታቀርበው ፕሮግራም ደብዳቤያቸውን ታነባለች፤ ከሌላ አገር የተላከ ከሆነ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ቀስ እያለች ትመልሳለች። በየኮንሰርቷ ደግሞ አንድ ዘፈን ላይ መብራት ሁሉ ይጠፋል፣ ካሜራ ይወርዳል፣ ማንም ስልክ አያነሣም። ቤተሰብ እንዳያያቸው የሚፈሩት እዚያ ጨለማ ውስጥ የሚወዱትን ሰው እጅ ይዘው እንዲቆሙ ነው። ስለማይቀረጽ አይቼው አላውቅም። እዚያ የነበሩት የጻፉትን ግን እንደ ጥቅስ በቃሌ ይዤው ነበር።

እኔ ስለ ራሴ ያወቅሁት በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ኳየር ላይ አጠገቤ የምትቆም ሊዲያ የምትባል ልጅ ነበረች። የመዝሙር ደብተሩን ስታቀብለኝ ድምፄ ይጠፋል፤ ከዚያ ያለፈ ምንም የለም። ግን በአማርኛ ለዚህ ነገር የማውቀው ቃል ከስብከት የሰማሁት ብቻ ነበር፣ እሱም ሰው ራሱን የሚጠራበት ቃል አይደለም። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። በመጨረሻ ሲጨንቀኝ ለጃፓናዊቷ ጻፍኩላት። ላውንድሪ ክፍሏን፣ አባዬን፣ ሊዲያን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

ከሁለት ወር በኋላ በፕሮግራሟ ላይ አነበበችው። እኔ እንደ ልማዴ ላውንድሪ ክፍሏ ወለል ላይ ነበርኩ። ስትጨርስ እንዲህ አለች፦ “አሁን ብቻሽን እንደሆንሽ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። አትላንታ እመጣለሁ፤ መብራቱን የማጠፋው ላንቺም ነው።” ማሽኑ ጨርሶ ሲቆም እንኳ አልሰማሁም።

ኮንሰርቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከኛ ቤት አትላንታ መሃል በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም፤ ለኔ ግን ጃፓን በሉት። የሚወስደኝ ሰው እማዬ ብቻ ናት። የትምህርት ቤት ጉዞ ነው ብዬ ልዋሻት አሰብኩና አልቻልኩም። አባዬ ስለሚተኛ እኔና እማዬ የልባችንን የምናወራው መኪና ውስጥ ነበር፤ እዚያው አንድ ማክሰኞ ከግሮሰሪ አስቤዛ ገዝተን ወጥተን፣ ሞተር ሳታስነሣ ለመንኳት። ለዚች ቻይና ምን አስለቀሰሽ አለችኝ። ያኔ ወጣልኝ።

“እማዬ፣ እኔ ወንድ ልጅ ወድጄ አላውቅም። የምወደው ሴት ነው። እሷ ለእንደኔ ዓይነቶቹ ስለምትዘፍን ነው።”

እማዬ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ፊት ለፊት ትመለከታለች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። አባትሽ እንዳይሰማ ብቻ አለች። ቀጥላ እንቁላል ረስተናል ብላ ወረደች። እንቁላል አልረሳንም ነበር፤ ሁለተኛ ካርቶን ይዛ ተመለሰች። እኔ ሞኟ፣ አይሆንም ስላላለችኝ ብቻ፣ የምለብሰውን ልብስ እየመረጥኩ ቤት ገባሁ። እንደዚያን ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

ስለ ጸሎት መስመሩ እዚህ ጋ ልንገራችሁ። በየቀኑ ጎህ ሳይቀድ የቸርቻችን ሴቶች አንድ የስልክ ቁጥር ላይ ይደውላሉ። ከሺፍት የምትወጣዋ ነርስ፣ ወደ ሥራ ድራይቭ የምታደርገዋ፣ ምሳ የምትቋጥረዋ፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። መሪዋ እትዬ ፅጌ ናቸው፤ ማሪዬታ ነው የሚኖሩት፣ ድምፃቸው ስልክ አያስፈልገውም። የጸሎት ርዕስ ያላት ማታውኑ ቴክስት ታደርግላቸዋለች፣ እሳቸው ጠዋት ያነቡታል። ስሟ እንዳይታወቅ የፈለገች ስሟን አልጽፍም ትላለች፣ በቃ። እማዬ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ ከዳቦው አጠገብ ታስቀምጠዋለች፤ እኔ ሲሪያሌን የምበላው በምልጃ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ፅጌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና አነበቡ።

“ስሟ የማይጠቀስ አንዲት እህታችን አለች፤ ሎረንስቪል ነው የምትኖረው። በኳየር የምታገለግል የአሥራ አምስት ዓመት ልጇን፣ በጃፓን ዘፈን ምክንያት፣ ሴት የመውደድ መንፈስ ይዟታል። ባሏ የሌሊት ሠራተኛ ስለሆነ ገና አልሰማም። እናስባት።”

የቀረው ስሜ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ሁሉም ዘግተውት የነበረውን የስልካቸውን ድምፅ ከፈቱና ከመቶ በላይ ሴት በአንድ ጊዜ አሜን አለች። ከመሃል የሊዲያን እናት ድምፅ ለየሁት፤ “ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ” ትላለች። እማዬ ቢላዋውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ፊቷን አሁንም አየዋለሁ። ተንኮል አልነበረም፤ ሰውራኝ መስሏታል፣ እውነቷን ነው። ስም እኮ አልጻፍኩም አለችኝ። ደጋግማ ነው ያለችው፣ ለኔ ይሁን ለራሷ እንጃ። እኔ ግን ያን ጊዜ ጠላኋት። እናቴን መጥላት እንደምችል አላውቅም ነበር፣ ፈራሁ።

እሑድ ቸርች ስገባ ሴቶቹ ሁሉ አቅፈውኝ አልለቅ አሉ። የኳየር መሪው ለጥቂት ጊዜ አረፍ በይ አለኝ። ሊዲያ ወደ ኋላ መስመር ተዛወረች፣ ከዚያ ወዲህ ዓይኔን አይታ አታውቅም። አባዬ ደግሞ ዌርሃውስ ውስጥ ከአንዷ ባል ሰማ። ከዚያ ወዲህ ምግቡን መኝታ ቤቱ ይዞ ይገባ ጀመር። ስልኬ ተወሰደ፣ የጆሮ ማዳመጫዬም። ፎጣዎቹን እማዬ ራሷ ታጥባቸው ነበር። ከቤት ወጥቼ ልሂድ ብል የት እሄዳለሁ? የማውቃቸው መኪና ያላቸው ሰዎች ሁሉ መስመሩ ላይ ናቸው።

እትዬ ፅጌ የሦስት ቀን ጾም አወጁና መዝጊያው እኛ ቤት ይሁን አሉ፤ ኮንሰርቱ ባለበት በዚያው ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ። ኮንሰርት እንዳለ እንኳ የሚያውቁ አይመስለኝም። እማዬ ግን ታውቅ ነበር። አንዴ ቀና ብላ አየችኝና ወንበር ማስተካከሏን ቀጠለች።

ሳሎን ምንጣፉ ላይ አስቀምጠው ከበቡኝ። አሥራ አንድ ሴቶች። ከዚያ ሁሉ የከበደኝ ክፉዎች አለመሆናቸው ነው። አሜሪካ ስንገባ አልጋችንን ያመጡልን እነሱ ናቸው፤ አንዷ ጥርሴ ሲነቀል እጄን ይዛኛለች። ክፉ ቢሆኑ ተነሥቼ እጮህ ነበር። ራሴ ላይ፣ ትከሻዬ ላይ፣ ጀርባዬ ላይ እጃቸውን ጫኑ። የፀጉር ቅባትና የእጅ ሎሽን ሽታ አየር አሳጣኝ። በመሃላቸው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየሁ አሁን አዳራሹ ተከፈተ፣ አሁን ወጣች፣ አሁን መብራቱን አጠፋች እላለሁ። ይሄኔ ይሆናል ባልኩበት ሰዓት ዓይኔን ጨፈንኩ፣ እንባዬ መጣ። ሴቶቹ መንፈስ የነካኝ መስሏቸው ሃሌሉያ አሉ። እትዬ ፅጌ ጎንበስ ብለው “ተለቀቅሽ፣ ልጄ?” አሉኝ።

“አዎ፣ ተለቅቄያለሁ” አልኳቸው።

ቤቱ በእልልታ ተናጋ፤ አባዬ ከእንቅልፉ ነቃ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ትልቁ ውሸቴ ይህ ነው፣ ጎበዝም ነበርኩ። እማዬ ብቻ እልል አላለችም። መዋሸቴን ታውቃለች፤ ወጥ ልታሞቅ ብላ ተነሣች። ከዚያ በኋላ ኮሌጅ እስክገባ ሦስት ዓመት ያንን ውሸት ለብሼ ኖርኩ።

ዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። እኔም ማሪዬታ ነው የምኖረው፣ ከምወዳት ሴት ጋር፤ የራሴ መኪና አለኝ፣ ቤቴ ውስጥ እንደ ፈለግሁ እጮሃለሁ። ጃፓናዊቷ አሁንም ትዘፍናለች፣ አሁንም ደብዳቤ ታነባለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ኮንሰርቷ ገባሁ። መብራቱ ሲጠፋ የያዝኩትን እጅ ጨበጥ አድርጌ አለቀስኩ። ደስ ይል ነበር፣ አልዋሽም። ግን ያንን የፈለገችው የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ ነበረች፤ ለእሷ አልደረሰላትም።

ያለፈው ዓመት እማዬ ሆዷ ውስጥ እጢ ተገኘባትና ኦፕራሲዮን ታዘዘላት። እኔ ነኝ የወሰድኳት። ሆስፒታል ተቀምጠን ለእትዬ ፅጌ ልደውል ወይ አልኳት፤ እንዲጸልዩላት ማለቴ ነው። ራሷን ነቀነቀች፤ መታመሜን ማንም አልሰማም፣ አይሰማምም አለችኝ። ለምን ብዬ አጥብቄ ስጠይቃት ነው የተናገረችው፤ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ አንድም የጸሎት ርዕስ ሰጥታ አታውቅም። አባዬ ልቡን ሲታመም አልሰጠችም፣ ከሥራ ስትቀነስ አልሰጠችም። አፏን የከፈተች እንደሆነ ልጅሽስ ብለው ይጠይቋታላ። በየጠዋቱ ትደውላለች፣ የሰው ትሰማለች፣ ስልኩን ትዘጋለች። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ።

ያን ጊዜ ለምን ላክሽላቸው አልኳት፤ ይህን ጥያቄ ስንት ዘመን ነው ተሸክሜው የዞርኩት።

“ታዲያ ለማን ልንገር? አባትሽ ተኝቷል። አንቺ እንኳ ጃፓን ድረስ ጻፍሽ።”

ነርሷ መጥታ ልብሷን አስቀየረቻት። አልጋው ላይ ስትተኛ እጄን ሳብ አድርጋ ፈርቻለሁ አለችኝ፤ እናቴ ይህን ስትል ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ለራሷ፣ በሹክሹክታ፣ መጸለይ ጀመረች። ያንን ሁሉ ሴት፣ የሊዲያን እናት ሳይቀር፣ በዚያች ሰዓት ብጠራላት ብዬ ተመኘሁ። ስትጨርስ ሌላ ማንም ስላልነበረ እኔ አሜን አልኩላት።