ሳይጠቀጠቅ የተገለበጠ አሸዋ

ወገዳ ወህኒ ያስገቡኝ በገበያ ቀን ነው፤ ሕዝቡ እንዲያየኝ እጄን የፊጥኝ አስረው። የመንገድ ሥራ ካቦ ነበርኩ። ጥፋቴ፣ በክረምቱ የተናደው የመንገዱ የአሸዋ ሙሌት በገዥው ችኮላ ነው የተናደው ብዬ መናገሬ ነበር። ሙሌቱ ሲናድ አንድ ጎረምሳ ከነበሬዎቹ ቀብሯል።

ክፍሉ ሽንት ሽንት ይላል፤ ወለሉ ላይ የወንዝ አሸዋ ተበትኗል። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ተቀምጠዋል፤ የሟቹ አባት ናቸው። በማሳቸው ዳር ቦይ ቀደው ስለነበር "መንገዱን ያፈረስኸው አንተ ነህ" ተብለው ነው የታሰሩት። የባሰው ደግሞ እሳቸውም ማመናቸው ነው። እህል አይቀምሱም።

በማግስቱ ጠዋት የገዥው ጸሐፊ ወረቀት ይዞ መጣ።

"ገዥያችን ፊታውራሪው፣ መንገዱን ያፈረሰው ቦዩ ነው ብለህ ፈርምና ቤትህ ግባ ብለዋል። እስከ ከሰዓት አስብበት።"

እሱ እንደወጣ ሽማግሌው "ፈርም፣ የኔ ልጅ። የገደልሁት እኔው ነኝ" አሉኝ።

መጠጫ ጣሳዬን በወለሉ ደረቅ አሸዋ እስከ አፉ ሞላሁት። ስጫነው ጣቴ ሰመጠ። ከዚያ የጣሳውን ጎን በመዳፌ ደጋግሜ መታሁት። አሸዋው አንድ ጣት ያህል ወረደ፤ አሁን ስጫነው አልበገር አለ።

"አሸዋው ያው ነው፣ አባቴ። የተለወጠው አቀማመጡ ነው። ዝም ብሎ ሲገለበጥ በፍሬዎቹ መካከል ባዶ ቦታ ይቀራል፤ ዝናብና ጭነት ሲመጣበት ይሰምጣል። በስሱ እያነጠፍን እንጠቅጥቅ ብዬ ነበር። ገዥው ለበዓል ይድረስልኝ ብሎ አስገለበጠው። የእርስዎ ቦይ ውሃውን ከመንገዱ ያርቅ ነበር እንጂ አልጎዳውም።"

ጣሳውን ተቀብለው ብዙ አዩት።

"እንደ ገብስ ነዋ! ግብራችንን ሲያሰፍር ቁናውን አስነቅንቆ፣ አስረግጦ፣ አስከምሮ ነው የሚወስድ። የኛን እህል መነቅነቁን ያውቃል። ልጄ በሚሄድበት ላይ ረሳው?"

"አልረሳውም፣ አባቴ" አልኳቸው።

ከሰዓት ጸሐፊው ሲመለስ ወረቀቱ ላይ "ሙሌቱ ሳይጠቀጠቅ የተገለበጠው በገዥው ትእዛዝ ነው" ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። ቀደደው። ሌላ ሰጠኝ፤ ያንኑ ጻፍኩ። በሦስተኛው በጥፊ አጮለኝ። ሽማግሌው ከጥጋቸው ተነሥተው "ድገመው፣ የኔ ልጅ!" አሉ። ያን ቀን ቂጣ ቆርሰው በሉ።

ሁለት ክረምት ታሰርኩ። ሽማግሌው እዚያው በተስቦ ሞቱ፤ ልጃቸውን ማን እንደገደለባቸው ግን አውቀው ነው። ገዥው አልጋው ላይ ሞቶ በክብር ተቀበረ። የንስሐ አባቴ ዛሬም ይቅር በለው ይሉኛል። የእኔን እስር ይቅር ብያለሁ። አንድን አባት "ልጄን ገደልሁ" ብሎ እንዲያለቅስ ማድረጉን ግን ይቅር አልልም። ይህን ስነግራቸው ጾም ጨመሩብኝ። ጾሙን እጾማለሁ።