ምንጩ አጠገብ የተከልኩት ሰሌዳ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ ኮምቦልቻ ላይ ነው፤ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል በለየሁ በዓመቱ ገደማ። ዛሬም ሰው ስለ ወንዝ ጽዳት ሲያወራ ስሰማ አፍንጫዬ ላይ የሚመጣው የጨጓራ ሽታ ነው። ለምን እንደሆነ ልጻፈው።

ያን ጊዜ እህል መጋዘን ጫኝና አውራጅ ነበርኩ። ትውልዴ ሐርቡ ነው። ኮምቦልቻ የተከራየናት ቤት ከቦርከና ወንዝ ዳር ነበረች። ቦርከና የደሴን ጉድ ተሸክሞ ነው የሚደርሰን። እኛም የራሳችንን ጨምረንበት ወደ ታች እናሳልፈዋለን። ሁሉም ከላዩ ያለውን ይራገማል፤ ከታቹ ያለው ትዝ የሚለው የለም።

ልጄ ዘሐራ ገና ጡት የጣለች ነበረች። ክረምቱን በሙሉ ተቅማጥ ይዟት ከረመ። ጤና ጣቢያ ብወስዳት ድሬሰሩ፣ ያው የጤና ረዳቱ፣ አይቷት፦

«የምን ውሃ ነው የምታጠጧት?» አለኝ።

«የወንዝ።»

«ወይ አፍሉት፣ ወይ ምንጭ ፈልጉ። ሁለተኛ እንዲህ ከሆነች አትተርፍልህም።»

ደረቅ ሰው ነበር፤ ግን ያለኝ እውነት ነው። ማገዶ ደግሞ ለወጥ ማብሰያም አልበቃን። ስለዚህ የቀረችን ከወንዙ ዳር፣ ከሾላው ሥር ያለች ትንሽ ምንጭ ነበረች። እሷንም ከብት ይረግጣታል፣ ሰው ልብሱን ያጥብባታል።

ክረምቱ እንደወጣ ቀበሌ ስብሰባ ጠራን። ሊቀመንበሩ፣ ጓድ ታደሰ የሚሉት፣ ቆሞ፦ «የፊታችን እሁድ ቦርከናን እናጸዳለን። በፈቃደኝነት ነው። ያልመጣ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝም» አለ። ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ከደሴ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን መጥቶ እንደሚያየን ነገረን።

ሌላው ለስኳሩ ወጣ። እኔ ለልጄ ወጣሁ። ተነሥቼ ምንጯን በድንጋይ እንድናጥራት ለመንኩ፤ ሊቀመንበሩም «እሱን ላንተ ሰጥቻለሁ» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር ሰዉ ያን ቀን ሠራ። ጎረቤቴ አያ ሙሄ የሚስቴ የሉባባ ዘመድ ነው። ድንጋይ በጫንቃው እየተሸከመ «ይኼ ለዘሐራ ነው፤ ይኼም ለዘሐራ» እያለ ሲያወርድ አረፈደ። ምንጯን ጠርገን፣ ዙሪያዋን ክበን፣ መፍሰሻ አበጀንላት። ውሃዋ ሲጠራ ታችኛው ጠጠር ይታይ ጀመር። ወንዙም ዳር ዳሩን ቢሆን ጨርቁና ቆርቆሮው ተለቀመለት።

ጓድ ታደሰ ጣውላና ቀይ ቀለም ሰጠኝ። «መሠረተ ትምህርት ጨርሰህ የለ? ጻፍ እስቲ» አለኝ። ሰው ከቦኝ እያየ ጻፍኩ፦ «ይህ የመጠጥ ውሃ ነው። ማቆሸሽ ክልክል ነው።» ሰው ሊያነበው የሚችል ነገር ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነበር። ቀለሙ ትንሽ ወርዷል እንጂ ይነበባል። ምንጯ አጠገብ ተከልኩት።

እትየ ብርቄ የምንላቸው ጠላ ሻጭ አጠገቤ ቆመው፦ «ምን ይላል ሰይዴ?» አሉኝ። አነበብኩላቸው።

«በል ደግ። ማንበብ ለማይችለው እኔ በዱላ አነብለታለሁ» አሉ።

ባለሥልጣኑ ረፋዱ ላይ ደረሰ። ድልድዩ ላይ ቆሞ ንግግር አደረገ፣ አጨበጨብን፣ ፎቶግራፍ ተነሣ። ሰሌዳዬ ዘንድ ወርዶ ጮክ ብሎ አነበበው። ጀርባዬን መታ መታ አደረገና «እንዲህ ነው የነቃ ሰፊ ሕዝብ!» አለ። ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ግብዣው መጣ።

ሁለት በሬ ታርዷል። ወሎ ነውና አንዱ የእስላም ሥጋ፣ አንዱ የክርስቲያን ሥጋ ነው። ቢላው ለየብቻ፣ ድስቱ ለየብቻ። እስከዚህ ደግ ነው፤ አባቶቻችንም እንዲህ ተከባብረው ነው የኖሩት። እኔ ግን ማረዱን አላየሁም። አካፋና ዶማውን ወደ ቀበሌው መጋዘን መልሱ ተብለን ከሌሎች ጋር ሄጄ ነበር።

ስመለስ ሰሌዳዬ ከቆመበት የለም። ባየው ባየው፣ ክርስቲያኖቹ ዘንድ ሁለት ድንጋይ ላይ ተጋድሟል። ለካ የቀረበው መክተፊያ አንድ ብቻ ኖሯል፤ እሱን የእኛዎቹ ቀድመው ወስደውታል። የእስላም ሥጋ የነካውን እነሱ አይነኩትም። ስለዚህ ንጹሕ ጣውላ ሲፈልጉ የእኔን ነቅለው አመጡ። ቢላው «ክልክል» የሚለው ላይ ይወርዳል። ያ ባለሥልጣን ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ከዚያው ጣውላ ላይ የተቆረጠለትን ጥሬ ሥጋ በአዋዜ ይበላል። ቀይ ቀለሙን ከአዋዜው አልለየውም መሰለኝ።

«ምነው ጓዶች፣ ይህ ሰሌዳ ነው እኮ» አልኩ።

ቆራጩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «አይዞህ፣ ፊደሉን አንበላውም» አለኝ። ሳቁ።

ይሁን ብዬ ወደ ምንጯ ወረድኩ። የባሰው እዚያ ነው። የእኛዎቹ፣ የራሴ ሰዎች፣ ምንጯ ውስጥ ጨጓራና አንጀት ያጥባሉ። ፈርሱ በካቡ ላይ ተደፍቷል፤ አረንጓዴ ውሃ በሠራነው መፍሰሻ ይወርዳል፣ ዝንቡ ሌላ። ሱሪውን ሰብስቦ እስከ ጉልበቱ ምንጯ ውስጥ የቆመው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አያ ሙሄ። ጠዋት ድንጋዩን ለዘሐራ ብሎ የተሸከመው።

«አያ ሙሄ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«ምን ላድርግ ታዲያ? እነሱ የእነሱን ከላይ ወንዙ ውስጥ እያጠቡ ነው። የእነሱ ፈርስ በሚወርድበት የእኛን ሥጋ ልጠብ?»

«ይህ የመጠጥ ውሃ ነው!»

«ለዚያ አይደል የመረጥነው? ወንዙማ ቆሻሻ ነው» አለኝ፤ ከልቡ ነው የሚለው። ከዚያ ፊቴን አይቶ ጨመረ፦ «አብሽር ሰይድ፣ ወራጅ ውሃ ነው፣ ይጠራል። የቅድሙን አጥበን ጠራ ሲል ሉባባም መጥታ ገንቦዋን ሞልታ ሄደች። ወላሂ፣ ምንም አልሆነም።»

ወደ ቤት ሮጥኩ። ስደርስ ሉባባ በር ላይ ተቀምጣ ዘሐራን በጣሳ ታጠጣለች። «እይ፣ ምንጭህን እያጠጣኋት ነው» አለችኝ፣ እየሳቀች። ጣሳውን ስቀማት አበድኩ መሰላት። ውስጡ የቀረ ጠብታ አልነበረም።

በማግስቱ ልጅቷን ያጣድፋት ጀመር። ዓይኗ ጎደጎደ፣ እንባ እንኳ አልወጣት አለ። ድሬሰሩ አይቶ ራሱን ነቀነቀና ደሴ ውሰዷት አለን። የጭነት መኪና ለምኜ፣ ሉባባ ልጅቷን ታቅፋ የሐረጎን ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ወጣን። በየጠመዝማዛው ሉባባ ጆሮዋን ልጅቷ አፍ ላይ እየደቀነች ትንፋሿን ታዳምጣለች። ከታች ቦርከና ይታያል። ከላይ ሲያዩት የሚያምር ወንዝ ነው።

ተረፈች። አልሐምዱሊላህ። ደሴ ሐኪም ቤት ብዙ ተኝታ፣ አጥንቷ ወጥቶ፣ ግን ተረፈች።

ስንመለስ አያ ሙሄ ሊጠይቀን መጣ፤ ሥጋ ይዞ። «አሏህ ያመጣው ነው» አለ። አሏህ መቼ ጨጓራ አጠበ? ሉባባ ዘመዷ ነውና ተቀበለችው። እኔ ወጥቼ ሄድኩ።

በዚያው ሰሞን ስብሰባ ተጠራ። ቀበሌያችን በጽዳት ተመሰገነ ተባለ። ተጨበጨበ። ምንጯ ዳር ፈርሱ ደርቆ ገና እዚያው ነበር፤ ውሾች ይጎትቱታል። ጓድ ታደሰ እኔን ጠርቶ፦ «ጓድ ሰይድ፣ ሰሌዳህ ቀለሙ ተፋፍቋል። ሌላ እንግዳ ስለሚመጣ አድሰውና ትከለው» አለኝ።

«እሺ» አልኩት።

ጣውላውን ከሾላው ሥር ከወደቀበት አነሣሁት። በቢላ ተተልትሏል፤ የሚነበበው «ይህ የመጠጥ» የሚለው ብቻ ነው። ጫፉን ውሻ አኝኮታል። ተሸክሜው ስሄድ እትየ ብርቄ በራፋቸው ላይ ሆነው አዩኝ።

«ሰይዴ፣ ያን ቀን በዱላ አነብለታለሁ ብዬ አፈርኩ። ቢላዋው ቀድሞኝ አነበበው» አሉኝ። የልጅቷን ጤና ጠየቁኝ። ከዚያ ሰፈር ያፈረ ሰው ያየሁት እሳቸውን ብቻ ነው።

ቤቴ ወስጄ በመጥረቢያ ፈለጥኩት። ሉባባ የወንዙን ውሃ ጣደች፣ እኔ እሳቱን አነደድኩ። ጣውላው የበሬውን ስብ ጠጥቶ ኖሮ ጥሩ አድርጎ ነደደ። ውሃው እስኪንተከተክ ጠበቅን። ከቀዘቀዘ በኋላ ዘሐራ ከእሱ ጠጣች፣ ምንም አልሆነችም። ሊቀመንበሩ ሰሌዳው የት ደረሰ ሲለኝ «አገልግሎት ላይ ዋለ» አልኩት።

አሁን ዘሐራ የልጆች እናት ናት። እኔ አርጅቻለሁ። አልፎ አልፎ ድልድዩ ላይ ሳልፍ ወጣቶች ቆብ አድርገው፣ ጓንት አጥልቀው ቦርከናን ሲያጸዱ አያለሁ። አልሰድባቸውም። ምናልባት ከመካከላቸው ለልጁ ብሎ የወጣ ይኖራል። ግን ቆሜ አላጨበጭብም። ሥራው አልቆ ማዕድ ሲቀርብ እጃቸውን የት እንደሚታጠቡ ነው የማየው።