ኬላው የመለሰልኝ መድኃኒት

ቅዱሳን፣ እስከ ዛሬ ኋላ ወንበር ላይ ዝም ብዬ ስቀመጥ አይታችሁኛል። ዛሬ ጌታ ያደረገልኝን ካልተናገርኩ ያንቀኛል። ሃሌ ሉያ! ጣፋጭ ታሪክ አይደለም፤ ታገሡኝ።

ጦር ሜዳ ላይ ጉልበቴን ተመታሁ። ሆስፒታል ፔቲዲን የሚባል መርፌ ወጉኝ፤ በፋብሪካ የሚሠራ የህመም ማስታገሻ ነው። ሐኪሙ "ወንድሜ፣ ይህ ነገር ቶሎ ይለመዳል፤ ከዚህ ስትወጣ እንዳትፈልገው" ብሎኝ ነበር። ጂንካ ስገባ ፈለግሁት። ቁስሉ ደረቀ፣ መርፌውን መተው ግን አቃተኝ። ከኬንያ በኮንትሮባንድ ስለሚገባ እስከ ድንበር እየወረድኩ አመጣ ጀመር።

ከዚያ መንግሥት ይህ መርፌ በድንበር እንዳይገባ አዘዘ። አልዱባ ያለው ኬላ ላይ ፍተሻ ጠበቀ። የሐመሩን የማር ቅል ይገለብጣሉ፣ የጸማዩን የማሽላ ጆንያ በብረት ይወጋሉ። እኔን? "ጀግናችን፣ እለፍ!" የቁስለኛ ፋሻ ማን ይነካል? ቁስሉ ቢደርቅም ፋሻውን አልተውኩትም፤ የመርፌው ብልቃጦች ፋሻው ውስጥ ነበሩ፣ ወገኖቼ።

አንድ ቀን የጭነት መኪና ላይ ከጋሽ ማሞ ጋር ተሳፈርን። ጋሽ ማሞ የአሪ ገበሬና የዚህች ጸሎት ቤት ሽማግሌ ነበር። ያኔ መንግሥት ጸሎት ቤታችንን አሽጎ፣ መጽሐፍ ቅዱስም ከልክሎ ስለነበር፣ መጽሐፉን ጆንያ ውስጥ ደብቆ፣ አርቦሬ ያሉትን ምእመናን አስተምሮ ሲመለስ ነው። መንገድ ላይ ፋሻዬ ሲፈታ ያሰረልኝ እሱ ነው፤ ብልቃጦቹን አየ።

ኬላው ላይ የፈታሹ ብረት ጆንያው ውስጥ መጽሐፉን መታ። የኬላው አለቃ "መድኃኒት የያዘስ አይተሃል?" ሲለው ጋሽ ማሞ ወደ እኔ ዞረ። "ይህ ልጅ ታሟል፤ ሐኪም ስጡት" አለ። ሁለታችንንም ወሰዱን። "ይሁዳ!" አልኩት። "ሸጥከኝ!"

"አልሸጥኩህም ልጄ፤ አብሬህ ታሰርኩ" አለኝ።

ወህኒ ቤት አንድ ክፍል ውስጥ አስገቡን። መርፌው ሲቀር ሰውነቴ ተቃጠለ፤ አስታወከኝ፣ ተንቀጠቀጥኩ። ፊቱ ላይ ተፋሁበት፤ እሱ ግን ሸሚዜን ያጥባል፣ አቅፎኝ በአሪኛ ይጸልያል። የወህኒው ድሬሰር፣ እስረኛ የሚያክመው፣ አይቶኝ "ይህ ሰው አይተርፍም" አለ። ተረፍኩ! ጌታ ይባረክ! አንድ ጠዋት ላቡ ጠፍቶ ራበኝ፤ እትዬ ወርቄ፣ የጋሽ ማሞ ሚስት፣ ያመጣችውን ገንፎ በላሁ። "አንተ ያመንከውን እኔም ልመነው" አልኩት። አለቀሰ። ሃሌ ሉያ!

ስፈታ የኬላው አለቃ አስጠራኝ። "ለአገር የቆሰልክ ነህ፣ ሂድ" አለና መሳቢያውን ከፍቶ የተያዙብኝን ብልቃጦች መዳፌ ላይ አኖራቸው። "ለህመምህ። ማንም እንዳያይ።" ያ ሁሉ ፍተሻ ለዚህ ነበር! አልዋሻችሁም፣ ፈለግኋቸው። ጌታ ግን ጣቶቼን ከፈታቸው፤ ጠረጴዛው ላይ መለስኳቸው።

"ይልቅ የጋሽ ማሞን መጽሐፍ ይስጡኝ" አልኩት።

"እሱማ ክልክል ነው!" አለኝ።

ጋሽ ማሞን አልፈቱትም። እዚያው ሳል ጀመረው፤ እትዬ ወርቄ ሬሳውን ተረከበች። ለምን እኔ ወጥቼ እሱ ቀረ? ጌታን ጠይቄዋለሁ፣ ገና አልመለሰልኝም፤ ይመርረኛል። ቢመርረኝም ከዚያ ወዲህ መርፌ አልነካኝም። ተመስገን!

ከእናንተ መካከል ፋሻው ውስጥ የደበቀ ካለ፣ ይፍታው። ጌታን እመኑት፤ እኔን ያወጣ እናንተን ያወጣል። ይኸው፣ አሜን አላችሁ። ጋሽ ማሞ ታስሮ ሳለ ግን ወህኒ ቤቱ በር ላይ ምግብ ይዛ የምትቆመው እትዬ ወርቄ ብቻ ነበረች። ያቻት፣ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ለእኔ ከማጨብጨባችሁ በፊት ሄዳችሁ ሰላም በሏት።